ኦሪጅናሉ ሳይወጣ በግ አይታረድም

ዛሬ ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በሀዋሳ ከተማ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በመኖሪያ ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከስሜ በታች የሚፈርሙት አራት ምስክሮች ተቀምጠው እየሰሙ፣ እኔ ወይዘሮ ከበቡሽ ደምሰው፣ ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ዓመት፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ለጸሐፊው ለአቶ ሚኪያስ ዮሐንስ አስጽፌአለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም ደረጃ እንዳልወጣ ከልክሎኛል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ባለፈው ሳምንት ልጄ ዳንኤል ለጎረቤት «እናቴ አሁን አሁን ነገር ትደጋግማለች» ብሎ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። የምደጋግመው ስለማይሰማኝ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ሊያባብሉኝ የሞከሩ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፤ ለሁለቱም አልተሳካላቸውም። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ የለም፤ ተደርጎ ቢገኝ እንኳ በዚህ ተሽሯል።

ጸሐፊው ገና ሳይጀምር «እማማ፣ እዚህ ላይ የሚጻፈው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የሚናገረው አይገባም» ብሎኛል። እኔ ደግሞ በዚህ ክፍል ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይጻፍ ብያለሁ። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የፈጀሁ ሴት ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር ነገ እንዳልተባለ ይቆጠራል።

ወራሾቼ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም እዚሁ ተቀምጠዋል። ታላቋ ሊዲያ በላይነህ ናት፤ መሃል ከተማ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ሱቅ አላት። ታናሹ ዳንኤል በላይነህ ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ባጃጅ ገዢና ሻጭ ያገናኛል። አባታቸው አቶ በላይነህ መኩሪያ በ2004 ዓ.ም. አርፏል፤ ነፍሱን ይማር። ሦስተኛ ስሟ የሚነሳው የልጅ ልጄ ሶሊያና ናት፤ የሊዲያ ልጅ፤ እሷም እዚሁ አለች። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ከሀዋሳ ርቆ ወደሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ለመግባት የቀራት ጥቂት ቀን ነው፤ የወጪ መጋራት ውሏ ግን እስከ ዛሬ አልተፈረመም። ኑዛዜዬን ዛሬ ያስቸኮለኝ ልቤ ብቻ አይደለም፤ ይህ ውል ጭምር ነው።

ከምስክሮቼ ወይዘሮ ሀዋ ሱሩር ውሉ ምን እንደሆነ ስለጠየቀችኝ ለሁሉም እንዲገባ ላስረዳ። መንግሥት ተማሪውን ያስተምራል፣ ያበላል፣ ያሳድራል፤ ከወጪው የተወሰነውን ግን ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ሊመልስ ይፈርማል። እስኪከፍል ድረስ ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይሄዳል፤ ዋናው ዲግሪ፣ ሰዉ ኦሪጅናል የሚለው፣ ሬጅስትራር ዘንድ ይቀመጣል። እነዚያን ኦሪጅናሎች መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። የሠራሁበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ ደንብ አክብሮ የሠራ መሥሪያ ቤት ነው፤ ነገሩም ከእሱ ጋር አይደለም።

ነገሩ በቤታችን ነው። ሊዲያ «ልጄ ዕዳ አትፈርምም» ብላ በወላጅ ቦታ ላይ አልፈርምም ብላለች፤ ሶሊያናን ሱቅ ልታስቀምጣት ትፈልጋለች። ልጅቷ ዕድሜዋ ደርሷል፤ በእኔ ወይም በአጎቷ ዋስትና መሄድ ትችል ይሆናል። እናቷን አስከፍታ ግን አትሄድም። ይህን ጠባይ ከማን እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከእኛ ወገን አይደለም። ዳንኤል በበኩሉ ይህ ቤት ተሽጦ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ትግባ ይላል፤ «እዚያ ውል የለም፣ ከፍላ ትማራለች፣ በቃ» ይላል። ሁለቱንም አልተቀበልኩም።

በመጀመሪያ ዕዳዬ ይከፈል። ወይዘሮ ሀዋ ከሐምሌ ወዲህ መድኃኒት ስትገዛልኝ ቆይታለች፤ ያለችው ገንዘብ ያለ ክርክር ይሰጣት። እዚህ ላይ ወይዘሮ ሀዋ «እኔ አልያዝኩትም፣ ተይው» ብላለች። አልተውም፤ የመድኃኒት ቤቱ ደረሰኝ ከራስጌዬ አለ፤ ዳንኤል ደምሮ ይስጣት። ሁለተኛው ዕዳዬ የምስክሬ የወይዘሮ ሽታዬ አስፋው ትልቁ ብረት ድስት ነው። ለሊዲያ ምርቃት የተዋስነው ነው። በጊዜው ሳንመልሰው ቀረን፤ ቆይቶ ለመመለስ እኛ አፈርን፣ ለመጠየቅ እሷ አፈረች፤ እንዲህ ሆኖ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ወይዘሮ ሽታዬ አጠገቤ ተቀምጣ «እኔ እኮ የተሰረቀ ነበር የመሰለኝ» ብላለች። አልተሰረቀም። ዛሬውኑ ይዛው ትሂድ።

ድስቱን ካነሳሁ ድግሱን ማንሳት ግድ ሆነብኝ።

ሊዲያ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. እኔ ከምሠራበት ተቋም በሂሳብ አያያዝ ተመረቀች። የወጪ መጋራት ውል ከፈረሙት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ናት። አባቷ በላይነህ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ከወሎ መጥቶ እዚህ ከተማ ሲቀጠር ልጅ እግር ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ባለ ዲግሪዎችን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ነድቷል። በር ከፍቶ ያስገባቸዋል፣ በር ከፍቶ ያወርዳቸዋል። እኔና እሱ የሊዲያን ወጪ መጋራት እንድንከፍልበት ተስማምተን ዕቁብ ስንጥል ቆይተን፣ ልክ በምርቃቷ ሰሞን ዕጣው ወጣልን። እኔ ክሊራንሱን፣ ከዕዳ ነፃ ናት የሚለውን ወረቀት፣ ሳስብ እሱ ድንኳን ተከራየበት። አራት በግ ታረደ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከኃላፊ እስከ ዘበኛ ተጠራ። የዕቁቡ ገንዘብ አልበቃ ሲል ከእኔ መሥሪያ ቤት የቁጠባ ማኅበር በስሜ ተበደርን። «በላይነህ፣ ወረቀቱስ?» ብዬው ነበር። «ወረቀቱ የት ይሄዳል? አንቺው ጋ አይደል እንዴ የተቆለፈበት» አለኝ። ቁልፉ በእኔ እጅ ስለሆነ ዲግሪው ቤታችን የገባ መስሎት ነበር።

አልፈርድበትም። ያን ቀን የቢሮው ኃላፊ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አቶ በላይነህ» ብለው ሲጨብጡት አይቻለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ «በላይ፣ መኪናውን አምጣው» ነበር የሚሉት። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም። ባሌን እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። ያ ድግስ ግን ዲግሪውን በልቶታል።

በዓመቱ ሊዲያ የባንክ ፈተና አለፈች። ባንኩ ኦሪጅናሉን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድታቀርብ ጠየቃት። የእኔ ደመወዝ ለድግሱ ብድር እየተቆረጠ ነው፤ ዕቁቡ ተበልቷል፤ በላይነህ ወዳጅ ዘመዱን ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ድንኳናችን ውስጥ በልቶ የመረቀን ሰው ሁሉ ያን ሰሞን ተቸግሮ ነበር። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ሊዲያ መጣች። ቤት አልጠየቀችኝም፤ መሥሪያ ቤቴ መጥታ እንደ ሰው ሁሉ ተራ ያዘች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ «እማዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ስጪኝ፤ አሳይቻቸው እመልሰዋለሁ» አለችኝ። «ክሊራንስ አምጪ» አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ወይዘሮ ከበቡሽ ነው የምትለኝ፤ እንደ ባለጉዳይ፣ በእርስዎ።

ተጸጽታ ሞተች የሚል ሰው እንዳይኖር ይህን አስመዘግባለሁ። ከሊዲያ ኋላ አንድ ልጅ ቆሞ ነበር። ከገጠር የመጣ ነው፤ እሱም ሥራ አግኝቶ፣ እሱም ያልከፈለ። የእሱ እናት መዝገብ ቤት አትሠራም። ለልጄ አውጥቼ ብሰጥ ቀና ብዬ ለእሱ ምን እለው ነበር? ይህን ሊዲያ ታውቀዋለች። ማወቋ ነው ይበልጥ የሚያናድዳት።

እዚህ ላይ ሊዲያ ተናግራለች፤ እንዳለችው ይጻፍ። «ወይዘሮ ከበቡሽ፣ ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ ያውቃሉ? እኔ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ሱቄ መጥቶ ሲቪ አስጠርዟል። ዕዳውን ከፍሎ፣ ኦሪጅናሉን አውጥቶ፣ አሁንም ሲቪ ያስጠርዛል። ተመራቂ በሐምሌ ይመጣል፣ በላስቲክ አድርጊልኝ ይለኛል። በዓመቱ ያንኑ ሲቪ ይዞ ይመጣል፤ የሚቀይረው የስልክ ቁጥሩን ነው። የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ስተይብና ስጠርዝ ነው የኖርኩት፤ ከዚህ ከተማ የወጣ ዲግሪ ግማሹ በእኔ እጅ አልፏል። ልጄን ለዚህ ወረቀት በዕዳ አላስይዝም።»

እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን የእሷ እውነት ከሱቁ ባንኮኒ የሚታየው ነው፤ የእኔ ደግሞ ከመስኮቱ ጀርባ የሚታየው። ያልተወሰዱ ዲግሪዎች በየክረምቱ ይቆጠሩ ነበር። ከመሳቢያ እናወጣቸዋለን፣ አቧራቸውን እንጠርጋለን፣ ስማቸውን እያነበብን እንመልሳቸዋለን። የሊዲያ ተራ ሲደርስ ባልደረባዬ አቶ ተክሌ ወንድሙ፣ ዛሬ ምስክር ሆኖ የተቀመጠው፣ «ልጅሽ መጣች» ይለኝ ነበር። ስሟን ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ እጠርገዋለሁ፤ እመልሰዋለሁ። የሌላውን ሰው በመሥሪያ ቤቱ ጨርቅ፣ የእሷን በነጠላዬ ጫፍ ነበር የምጠርገው። በአገልግሎት ዘመኔ የፈጸምኩት አድልዎ ይህ ብቻ ነው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቁልፉን ሳስረክብ ያለቀስኩት ለሥራው አይደለም፤ ከእንግዲህ ማን ይጠርግላታል ብዬ ነው።

የድግሱ ብድር ተከፍሎ ሲያልቅ ዕዳዋን ልከፍልላት ገንዘብ ይዤ ሱቋ ሄጄ ነበር። «ከከፈሉልኝ ሁለተኛ ቤትዎን አልረግጥም» አለችኝ። ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ ገንዘቡን ይዤ ተመለስኩ። ያ ዕዳ ዛሬ ለሱቋ የአንድ ወር የወረቀት መግዣ አይሆንም። ከዕዳነት ወጥቶ እልህ ከሆነ ቆይቷል።

ከምስክሮቼ አቶ ላሚሶ ቡራሳ «ወይዘሮ ከበቡሽ፣ እኔም በሚቀጥለው ዓመት የምልከው ልጅ አለኝ። እንግዲህ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» ብለው ጠይቀውኛል። ይህን ጥያቄ ወላጆች በመስኮቱ በኩል ሲጠይቁኝ ኖረዋል፤ ሥራዬ ስላልነበረ መልሼ አላውቅም። ዛሬ ሥራ የለኝምና ልመልስ።

ዲግሪውን ተቀብሎ ደረቱ ላይ አስጠግቶ የሄደ ሰው አይቻለሁ። ተቀብሎ ሲያበቃ ገልብጦ አይቶት «ለዚህ ነው?» ያለ ሰውም አይቻለሁ። ሁለቱም የከፈሉት ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ምን ያህል ያወጣል ቢሉኝ አላውቅም፤ እንደ ያዢው ነው። ትምህርቱን ግን አውቀዋለሁ። ሊዲያ አራት ዓመት የተማረችውን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈባት የለም። የዚህ ሰፈር ዕድር ሂሳብ ተዘበራርቆ ሰው ሊጣላ ሲል ሦስት ቀን ተቀምጣ ያስተካከለችው እሷ ናት። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ከአንድ አሮጌ ኮፒ ማሽን ተነሥታ፣ ትርፍና ኪሳራዋን ለይታ፣ ሱቅ አቁማ ልጅ ያሳደገች እሷ ናት። ይህን በምን አወቅሽው ብትባል እልኸኛ ስለሆነች አትመልስም፤ እኔ ልመልስላት፤ ተምራ ነው። ይህን ብዬ ደግሞ ወረቀቱ ከንቱ ነው ማለት አልችልም። ከንቱ ቢሆን ኖሮ ለእሱ ስል ልጄን ባላጣሁ። የእኛ ቤት ስህተት ውሉን መፈረማችን አልነበረም፤ የመክፈያውን ገንዘብ መብላታችን ነው። አቶ ላሚሶ፣ መክፈያውን ለይተው አስቀምጠው ልጅዎን ይላኩ።

እንግዲህ ስለ ቤቱ። ይህ ቤት አይሸጥም፣ በዋስትናም አይያዝም። ዳንኤል «እማዬ፣ የምሥራቅ ክፍለ ከተማ መሬት ዋጋ ያወጣው አሁን ነው እኮ፤ ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?» ብሏል። ዳንኤል ልቡ ቀና ነው። ራሱ በሁለተኛ ዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሳለ ለእህቱ ልጅ ትምህርት ሲል ቤቱ ይሸጥ ማለቱን እወድለታለሁ። ችኩል መሆኑን ግን አልወድለትም። የኮሌጁ ክፍያ በየሴሚስተሩ ይጨምራል፤ ቤት የሚሸጠው አንዴ ነው። ልጅቷ መንግሥት የሰጣትን ቦታ ትታ፣ የተጠለለችበትን ቤት አስሸጣ የምትሄድበት ምክንያት የለም። ዳንኤልን መስማማቱን ጠይቄዋለሁ። «ምን አደርጋለሁ?» ብሏል። እንደ መስማማት ይያዝ።

በዋናው ቤት ዳንኤል ይኑርበት። ከጓሮ ያሉት ሦስቱ ሰርቪስ ክፍሎች እንዳሉ ለተማሪ ይከራዩ። የመጀመሪያው ክፍል ኪራይ በሶሊያና ስም በሚከፈት የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ለወጪ መጋራቷ ብቻ ነው፤ ለጫማ አይደለም፣ ለስልክ አይደለም፣ ለታመመ ሰው እንኳ ቢሆን ከሌላው ክፍል ይወሰድ። የሁለተኛው ክፍል ኪራይ ለመንገዷና ለኪሷ ይላክላት። የሦስተኛው የዳንኤል ነው። በዚህ ዓይነት ስትመረቅ ዕዳዋ አብሮ ይመረቃል። ኦሪጅናሏ በእጇ በገባ ማግሥት ቤቱ ከነግቢው የሊዲያና የዳንኤል እኩል ይሁን፤ ያን ጊዜ ቢፈልጉ ይሽጡት፣ እኔ አላይም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አዝዣለሁ። ሶሊያና ስትመረቅ ኦሪጅናሉ ከሬጅስትራር ወጥቶ በዚህ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ በስሟ በግ አይታረድም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ጥሪ አይደረግም። ሰው ምን ይለናል የሚል ካለ «ከበቡሽ ናት ያዘዘችው» ይበል፤ እኔን መጥቶ የሚጠይቀኝ የለም። ይህን ጥሶ የደገሰ ወራሽ ከሦስቱ ክፍሎች ኪራይ የአንድ ዓመት ድርሻውን ለሌላው ይተው። ኦሪጅናሉ ከወጣ በኋላ ግን አራት ሳይሆን ስድስት በግ ይታረድ፤ አልከለክልም። የበላይነህ መሥሪያ ቤት ሰዎች በሕይወት ካሉ ይጠሩ።

ስለ ተዝካሬ። ለአርባዬ ብዬ ያስቀመጥኩት ገንዘብ በባንክ አለ። ፍትሐቴና ጸሎቱ በሥርዓቱ ይደረግ፤ ድግስ ግን አይደገስልኝ። ወይዘሮ ሽታዬ «አንቺ ከበቡሽ፣ ያለ ተዝካር? ሰው ለውሻ እንኳ ያዝናል» ብላለች። የንስሐ አባቴን አስቀድሜ ጠይቄአቸዋለሁ፤ «ጸሎቱ አይቅር እንጂ ድግሱ ግድ አይደለም» ብለውኛል። ከዚህ ቤት አንድ ድግስ አንድ ዲግሪ አስቀርቷል፤ አሁን የእኔ ድግስ ቀርቶ ያው ዲግሪ ይውጣ። ከዚሁ ገንዘብ የሊዲያ የወጪ መጋራት ዕዳ በሙሉ ይከፈል፤ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጡ ነዳያን ይሰጥ።

ሊዲያ ብድግ ብላ «አልፈልግም ብያለሁ፤ ስንት ዓመት ብያለሁ» ብላለች። ሰምቻለሁ። ከከፈሉልኝ ቤትዎን አልረግጥም ብላኝ ስለነበር እስከ ዛሬ ፈርቼ ኖርኩ፤ እንዳትቀርብኝ ብዬ። ከሞትኩ በኋላ ቤቴን ባትረግጥ የምጎዳበት የለም። ስለዚህ ይከፈላል። ወረቀቱን ግን ማንም አያመጣላትም፤ ባለቤቷ በአካል ቀርባ መታወቂያዋን አሳይታ ካልፈረመች አይሰጥም። ይህን ደንብ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። መሄዷና አለመሄዷ የራሷ ነው። እዚያው ተይው ቢላት ትተወው፤ በዕዳ ተይዞ ሳይሆን በፈቃዷ ይቀመጥ።

ሊዲያ ተመልሳ ተቀምጣለች። 

የኑዛዜዬ አስፈጻሚ ዳንኤል ነው። ዕድሜውን ሙሉ አትቸኩል ስለው የኖርኩትን ልጅ በዚህ ጉዳይ ቸኩል እለዋለሁ፤ ከቀብሬ በኋላ ባለው ሳምንት ሄዶ ይክፈል።

የቀረው ትንሽ ዕቃ ነው። የአንገት ሐብሌ ለሶሊያና ይሁን። የአባቱ የሾፌርነት ካፖርት ለዳንኤል፤ አሁንም በብርድ ሲያወጣው አይቼዋለሁ፣ የደበቀኝ ይመስለዋል። ቡፌውና አልጋው የሁለቱ ነው፤ ይስማሙ። በዚህ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሊዲያ የጋዋን ፎቶ ለብቻው ይታይ። ሊዲያ በመጣች ቁጥር ያውርዱት ትለኛለች። በእጇ የያዘችው ተጠቅልሎ በሪባን የታሰረ ወረቀት ባዶ ነው፤ የፎቶ ቤቱ ዕቃ ነው፤ ከእሷ በኋላ ሌሎችም ይዘውት ተነሥተዋል። በላይነህ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኸው ዲግሪዋ» ይል ነበር፤ እኔ አላረምኩትም። ፎቶው ከተሰቀለበት አይውረድ። እውነተኛው ወረቀት ከጎኑ የተሰቀለ ዕለት ሁለቱንም ሊዲያ ትውሰድ።

ለሶሊያና ምክር አለኝ፤ አጭር ነው። ከዚያ በፊት ግን አቶ ላሚሶ «ሁላችንም ስለ ልጅቷ እናወራለን፤ እስቲ እሷስ ምን ትላለች?» ብለው ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኛ ቤት የጠየቃት አልነበረም። ሶሊያና እናቷን አይታ፣ «ፋርማሲ መማር እፈልጋለሁ። ሥራ ባላገኝም ማወቅ እፈልጋለሁ። ሱቁንም እወደዋለሁ፣ በየክረምቱ እመጣለሁ» ብላለች። ከዚህ በላይ አያስፈልጋትም።

እንግዲህ ልጄ ሶሊያና፣ ሥራ እርግጥ ነው ብለሽ አትፈርሚ፤ ማንም እርግጥ አላደረገውም። ለአያትሽና ለሰፈሩ ደስታ ብለሽም አትፈርሚ፤ ሰፈሩ በልቶ ይሄዳል። ማወቅ እፈልጋለሁ ያልሽው ይበቃል፤ ለእሱ ፈርሚ። በየዓመቱ የደረሰብሽን ዕዳ ጠይቀሽ እወቂ፤ ስንት እንደሆነ የሚታወቅ ዕዳ አያስፈራም። ምርቃት ላይ ፎቶ ስትነሺ ደግሞ ባዶ ወረቀት አትያዢ፤ እጅሽን አጣምረሽ ተነሺ።

ለሊዲያ የምለው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን በመስኮቱ በኩል ክሊራንስ አምጪ ያልኩሽ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነበርኩ። ቤት ስትገቢ እናትሽ ሆኜ ልጠብቅሽ አስቤ ራት አቅርቤ ነበር፤ አልመጣሽም። እስከ ዛሬ እየጠበቅሁሽ ነው። በልጅሽ ውል ላይ መፈረምና አለመፈረም መብትሽ ነው፤ በኑዛዜ አላስገድድሽም። የእኔን ጥፋት በእሷ ላይ አትቁጠሪ።

ቃሌ ይኸው ነው። ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለእኔና ለምስክሮቼ አንብቦልናል፤ አንድ ቦታ ላይ «ነጠላ» የሚለውን ዘሎት ነበር፤ አስተካክዬዋለሁ። የተናገርኩት ይኸው ስለሆነ በእጄ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ከበቡሽ ደምሰው፣ ፈርማለች።

እኛም ምስክሮች ተናዛዧ በሙሉ አእምሮ ሲናገሩ ሰምተን፣ ሲነበብም አብረን አዳምጠን፣ ሲፈርሙ አይተን ፈርመናል፦ ተክሌ ወንድሙ፤ ሀዋ ሱሩር፤ ሽታዬ አስፋው፤ ላሚሶ ቡራሳ።

ጸሐፊው የጨመረው፦ ምስክሮቹ በመፈረም ላይ ሳሉ ወይዘሮ ሊዲያ ወደ ጠረጴዛው መጥተው እስክሪብቶውን ጠየቁኝ። ወራሽ በኑዛዜ ላይ እንደማይፈርም ነገርኳቸው። «ኑዛዜው ላይ አይደለም» አሉኝ። ሶሊያና ከቦርሳዋ የወጪ መጋራት ውሏን አውጥታ ዘረጋች፤ ወይዘሮ ሊዲያ በወላጅ ቦታ ላይ ፈረሙ። ከዚያም ወረቀቱን ይዘው ተናዛዧ ወደተቀመጡበት ወንበር ሄዱና «እማዬ፣ እስቲ እዪው፤ የጎደለ ነገር አለ?» አሏቸው። ተናዛዧ መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ከዚያም በነጠላቸው ጫፍ ወረቀቱን ጠረግ አድርገው መለሱላቸውና፣ «ቀን አልጻፍሽም» አሉ። ወይዘሮ ሊዲያ ቀኑን ጻፉ። ይህም ይጻፍ ስላሉኝ ጽፌአለሁ።

ሚኪያስ ዮሐንስ፣ ጸሐፊ።